ልጅዎ «ውጭ ሄጄ ድርሰት ልማር» ያለ እንደሆነ

የዛሬው ጽሑፌ ስለ ደም ግፊትም ስለ ክትባትም አይደለም። (መጨረሻው ላይ ስለ ወባ ጥቂት ማለቴ ግን አይቀርም፤ ዕድሜ ልክ የሠሩት ሥራ በጡረታ ደብዳቤ ብቻ አይለቅም።) ጅማ ውስጥ አንዴ «ሲስተር» የተባለ ሰው ሁልጊዜም ሲስተር ነው። የሕፃን ትኩሳትም፣ የባልና ሚስት ጠብም፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀትም ወደ ደጁ ይመጣል። ባለፈው ሐምሌ የመጣልኝ ወረቀት ነበር።

ይዘውት የመጡት ከአጋሮ ወጣ ብሎ በጎማ ወረዳ ቡና የሚያመርቱ አባት ናቸው። ከኋላቸው አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረሰች የ19 ዓመት ልጃቸው አንገቷን ደፍታ ቆማለች። ወንበር ሳይዙ ጀመሩ።

«ሲስተር፣ ይቺ ልጅ ውጭ አገር ለሁለት ሳምንት ድርሰት ልትማር ተቀበሉኝ ትላለች። ድርሰት ደግሞ ትምህርት ቤት አለው እንዴ? እሺ ይኑረው፤ የሁለት ሳምንት ትምህርት ምን የሚሉት ነው? የእኛ አገር ሰው አንዴ ከወጣ በሁለት ሳምንት ሲመለስ አይቼ አላውቅም።»

ወረቀቱ ላይ ማኅተም አለ፣ ባንዲራ አለ፣ «ክሬቲቭ ራይቲንግ» የሚል ደማቅ ጽሑፍም አለ። የምዝገባ፣ የቪዛ ጉዳይ ማስፈጸሚያ፣ የሆቴልና የሰርተፊኬት እየተባለ የተደመረው ክፍያ ከ200,000 ብር ያልፋል፤ ግማሹ በ10 ቀን ውስጥ ባንክ መግባት አለበት። ሐምሌ በቡና አገር ምን ዓይነት ወር እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ያለፈው ዓመት ጀንፈል ተሸጦ አልቋል፤ የዘንድሮው ገና አረንጓዴ ሆኖ ዛፉ ላይ ነው። በዚያ ወር ገንዘብ የቸገረው ሰው ያልተለቀመ ቡናውን አስይዞ ከነጋዴ ይበደራል፤ ቡናው ሲደርስ ዋጋውን የሚቆርጠው አበዳሪው ነው። አባትየው ከነጋዴው ጋር ተነጋግረው ጨርሰዋል። ወደ እኔ የመጡት ምክር ፈልገው ሳይሆን ወረቀቱን በኦሮምኛ እንድተረጉምላቸው ብቻ ነበር።

አንብቤ ስጨርስ ልጅቷን አንድ ነገር ጠየቅኋት።

«ምን ጽፈሽ ላክሽላቸው?»

«ፎርም ሞላሁ።»

«ድርሰቱንስ?»

«ድርሰት አልጠየቁኝም ሲስተር። ፎቶና የፓስፖርት ቁጥር ነው የጠየቁኝ።»

በሽተኛውን ሳያይ የኦፕሬሽን ቀጠሮ የሚሰጥ ሐኪም ቢያጋጥመኝ ምን እንደምል ታውቃላችሁ። አንዲትን ልጅ ለድርሰት ችሎታዋ መርጫታለሁ የሚል ቦታ አንድ ገጽ እንኳ ሳያነብ «ተቀብለንሻል» ካለ፣ የተቀበለው ልጅቷን ሳይሆን የአባቷን ቡና ነው። ይህንኑ ነገርኳቸው። ልጅቷ አለቀሰች፤ ለሁለት ሳምንትም አኮረፈችኝ። የድርጅቱን ስም እዚህ አልጽፍም። ልጅቷ በቁጣ ስልክ ደውላ «አስተማሪው ማን ነው? ከዚህ በፊትስ ማን ሄዷል?» ብላ ስትጠይቃቸው የመለሱላት የባንክ ሒሳብ ቁጥሩንና የመጨረሻውን ቀን ብቻ እንደነበር ግን ልንገራችሁ።

ታዲያ እንዲህ ዓይነት ትምህርት በእርግጥ አለ ወይስ የለም? ጡረተኛ ጊዜ አለውና ተከታትዬ አነበብኩ። አለ። ብዙ ዓይነትም ነው። ፈረንጆቹ ስሙን «ሬዚደንሲ» ይሉታል። እኛ የሆስፒታል ሰዎች «ሬዚደንት» ሲባል የሚታየን ሌሊቱን ሙሉ ሳይተኛ ያደረ ስፔሻሊስት የሚሆን ሐኪም ነው። የጸሐፊዎቹ ግን ተቃራኒው ነው፤ ለጥቂት ሳምንታት ክፍል፣ ጠረጴዛና ምግብ ተሰጥቶት «አንተ ጻፍ፣ ሌላውን እኛ እናስብልሃለን» የሚባል ሰው ነው። አንዳንዱ ቦታ አስተማሪና የቡድን ውይይት አለው፤ አንዳንዱ ምንም አስተማሪ የለውም፣ ዝምታ ብቻ ነው።

ከሁሉ የታወቀው በአሜሪካ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ያለው ዓለም አቀፍ የጸሐፊዎች ፕሮግራም ነው። በ1967 እ.ኤ.አ. ገጣሚው ፖል ኤንግልና ቻይናዊቷ ደራሲ ኋሊንግ ኒዬ ያቋቋሙት ሲሆን ከ150 በላይ አገሮች የመጡ ከ1,500 በላይ ጸሐፊዎች አልፈውበታል። የቱርኩ ኦርሃን ፓሙክ፣ የቻይናው ሞ ያንና የኮሪያዋ ሃን ካንግ ኖቤል ከመሸለማቸው ከብዙ ዓመት በፊት እዚያ ቆይተዋል። ጊዜው ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ገደማ ነው። ለቡና አገር ቤተሰብ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ እሸት ቡና መቅላት ሲጀምር አንድ የለቃሚ እጅ ይጎድላል ማለት ነው። ይህንን ስነግራቸው አባትየው ከወረቀቱ ሁሉ በላይ ያሰቡበት እሱን ነበር።

የእኛም ሰዎች ለዚህ ነገር አዲስ አይደሉም። «አደፍርስ»ን በአማርኛ የሰጠን ዳኛቸው ወርቁ አዮዋ ሄዶ የድርሰት ጥበብ አጥንቷል። በእንግሊዝኛ የጻፈው፣ ርዕሱ ሲተረጎም «አሥራ ሦስተኛዋ ፀሐይ» የሚሆነው ልብ ወለዱ በ1973 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ በሃይንማን የአፍሪካ ጸሐፊዎች ተከታታይ ውስጥ ታትሟል። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ደግሞ በ1952 ዓ.ም. ገደማ ወደ አውሮፓ ተጉዞ በለንደን ሮያል ኮርት ቲያትርና በፓሪስ ኮሜዲ ፍራንሴዝ የተውኔት ሥራ አይቷል፣ ተምሯል። ባዶ እጁን አልሄደም፤ አምቦ አጠገብ ቦዳ የተወለደው ልጅ ገና በተማሪነቱ ተውኔት ይጽፍ ነበር። ተመልሶም ዛሬ ብሔራዊ ቲያትር የምንለውን ቤት መርቷል፤ ኦቴሎን፣ ማክቤዝንና ሐምሌትን በአማርኛ አናግሯል። የእኔ ዕድሜ እኩዮች «ሐምሌት» ሲባል መጀመሪያ የሚሰማን የእሱ አማርኛ ነው።

ከቅርቡ ዘመን ሜሮን ሀደሮን ላንሳ። አዲስ አበባ ተወልዳ በልጅነቷ በስደት ጀርመን አልፋ አሜሪካ ያደገች ጸሐፊ ናት። ስለ አንድ አዲስ አበቤ መንገድ ጠራጊ ወጣት በጻፈችው አጭር ልብ ወለድ በ2021 እ.ኤ.አ. ኬን የተባለውን የአፍሪካ የጽሑፍ ሽልማት አሸነፈች፤ ከኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ናት፤ ሽልማቱም 10,000 ፓውንድ ነበር። እዚህ ያነሳኋት ግን እንደ ያዶና ማክዶዌል ባሉ የታወቁ የጸሐፊዎች ማረፊያዎች ተቀባይነት አግኝታ ስለቆየች ነው። ማክዶዌል በኒው ሃምፕሸር ጫካ ውስጥ ከ1907 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ቦታ ነው። ጸሐፊውን እንዳይረብሹት ምሳውን በቅርጫት አምጥተው በረንዳው ላይ አስቀምጠውለት ይሄዳሉ። ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ። በእኛ ቤት አንዲት ልጅ በሯን ዘግታ ብትቀመጥ ምሳ ማን ያደርስላታል? «ውሃ ቅጂ፣ ቡና ቁዪ» ነው የምትባለው።

የአዮዋው ፕሮግራም ከ16 እስከ 19 ዓመት ላሉ ወጣቶችም በበጋ የሁለት ሳምንት ቆይታ ነበረው፤ ከብዙ አገር የመጡ ልጆች አብረው ይጽፉ ነበር። ለዚህች ልጅ በልክ የተሰፋ ይመስል ነበር። ሆኖም በየካቲት 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት ለፕሮግራሙ የሚሰጠውን ገንዘብ ስላቋረጠ የወጣቶቹ ዝግጅት ተሰርዟል። ስለዚህ ዛሬ በዚያ ስም «ልጅዎን እናስገባለን» የሚል ሰው ቢመጣ መጀመሪያ ይህን ጠይቁት።

ወደ አፍሪካ ስንመለስ መንገዱ ትንሽ ይቀርባል። ያ የኬን ሽልማት ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአፍሪካ አገሮች እየተዘዋወረ ወርክሾፕ ያካሂዳል፤ ዩጋንዳ፣ ጋና፣ ዚምባብዌ ተካሂዷል። አሥር ሲደመር ጥቂት ጸሐፊዎች ለአሥር ቀናት ያህል ይሰበሰቡና እያንዳንዳቸው አንድ አጭር ልብ ወለድ ጽፈው ይወጣሉ፤ ሥራዎቹም በመጽሐፍ ይታተማሉ። እኔን የማረከኝ ግን የናይጄሪያው ኤቤዲ ነው። በኦዮ ግዛት ኢሴዪን በምትባል ከተማ በ2010 እ.ኤ.አ. የከፈቱት ዋሌ ኦኬዲራን ሐኪምም ደራሲም ናቸው (የሙያ ወገንተኝነቴን ይቅር በሉኝ)። ከአፍሪካ አገሮች የሚመጡ ጸሐፊዎች ለስድስት ሳምንት እዚያ ይኖራሉ፣ ይጽፋሉ፤ በዚያው ቆይታቸው የከተማዋን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ድርሰት ያለማምዳሉ። ኢሴዪን ትልቅ ከተማ አይደለችም። አጋሮ ወይም ሊሙ ገነት እንዲህ ያለ ቤት ቢኖር ብዬ አስቤያለሁ፤ የቡና ነጋዴዎቻችን የሚሠሯቸው ባለ ብዙ ክፍል ቤቶች ክረምቱን ባዶ ናቸውና።

አሁን ወደ አባትየው ጥያቄ ልመለስ። ሁለት ሳምንት ምን ያስተምራል?

የጅማ የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት በ1983 እ.ኤ.አ. ሲመሠረት የያዘው መንገድ ተማሪን ወደ ኅብረተሰቡ መላክ ነበር። የዛሬው ጅማ ዩኒቨርሲቲም ወርሶታል። የሕክምናው፣ የነርሱ፣ የላቦራቶሪው ተማሪ በቡድን ሆኖ ለተወሰኑ ሳምንታት እንደ አጋሮ ባሉ ከተሞች ጤና ጣቢያ ይመደባል። ብዙ ቡድን ተቀብዬ አብሬ ሠርቻለሁ። ያን ያህል ጊዜ መርፌ መውጋት አያስተምርም፤ መርፌውን ችሎ ነው የሚመጣው። የሚገኘው ሌላ ነው። በሳምንቱ ውስጥ አንዱ ተማሪ የምንጩን ውሃ፣ የመጸዳጃውን ርቀትና የሕፃናቱን ተቅማጥ አያይዞ ማየት ይጀምራል፤ ሌላው ደግሞ አልጋው ላይ ተጋድሞ ቅዳሜን ይቆጥራል። ልዩነታቸው ከመምጣታቸው በፊት የነበረ ነው። ጥያቄ ይዞ የመጣው መልስ ይዞ ይመለሳል።

የጸሐፊዎቹም ቆይታ እንደዚያው ይመስለኛል። መጻፍ የጀመረ ሰው የጀመረውን የሚጨርስበት ቦታ ነው። የጀመረው ነገር የሌለው ልጅ ሁለት ሳምንት ፎቶ ሲነሳ ይከርማል። ለዚህም ነው እውነተኞቹ ሁሉ አስቀድመው «የጻፍከውን አሳየን» የሚሉት። አዮዋ ለአዋቂዎች የታተመ ሥራ ይጠይቃል፤ ሌሎቹም የጽሑፍ ናሙና ሳይዙ አያስተናግዱም።

ስለ ገንዘቡ አጭር ልናገር። የተከበሩት ቦታዎች ማደሪያና ምግቡን ራሳቸው ይችላሉ፤ የአውሮፕላን ትኬት የሚጨምሩም አሉ። ትንሽ የማመልከቻ ክፍያ የሚጠይቁ አሉ፤ እሱ አያስደነግጥም። በሺህ የሚቆጠር ዶላር የሚያስከፍሉ ሐቀኛ የክረምት ኮርሶችም አሉ፤ እነሱ ግን ገንዘቡ ኪሱ ውስጥ ላለ ሰው ነው፣ ቡና አስይዞ ለሚበደር አይደለም። ቪዛ ደግሞ ማንም ሊያረጋግጥ አይችልም። የአሜሪካ የጎብኚና የልውውጥ ቪዛ ማመልከቻ 185 ዶላር ነው፤ ቢከለከሉም አይመለስም። «ቪዛውን ለእኔ ተውልኝ» ያለ ሰው ሲገጥማችሁ ቦርሳችሁን ዝጉ። አንድ ነገር ልጨምር፤ እነዚህ ቦታዎች ዲግሪ አይሰጡም፣ ሥራም አያስቀጥሩም። የሁለት ሳምንት ሰርተፊኬት ግድግዳ ላይ ከመሰቀል አያልፍም።

ከገንዘቡ የሚከብደው ቋንቋው ነው። ልጅቷ የምትጽፈው በኦሮምኛ ነው። ከላይ የጠቀስኳቸው ቦታዎች አብዛኞቹ ናሙናውን በእንግሊዝኛ ይፈልጋሉ፤ ኑሮውም ውይይቱም በእንግሊዝኛ ነው። አንዳንድ ወላጅ ይህን ሲሰማ ልጁ ከነጭራሹ በእንግሊዝኛ እንዲጽፍ ይገፋዋል። እኔ አልስማማም። ልጁ በሚያልምበት ቋንቋ ይጻፍ፤ ከዚያ ጥሩ የሆነው ይተርጎም። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የኦሮሞ ፎክሎርና ሥነ ጽሑፍ ትምህርት ክፍል አለው፤ እንዲህ ያለ ጽሑፍ አንብቦ የሚያርም መምህር ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ 350 ኪሎ ሜትር መሄድ አያስፈልግም። አማርኛ ለሚጽፉትም የትርጉም በር እየተከፈተ ነው፤ በ2020 እ.ኤ.አ. ክሪስ ቤኬትና ዓለሙ ተበጀ ያሰናዱት የአማርኛ ግጥሞች ስብስብ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ካርካኔት በተባለው የእንግሊዝ አሳታሚ ወጥቷል።

ኩርፊያው ሲያልፍ ልጅቷ ብቻዋን መጣች። ደብተር ይዛ ነበር። 11 ገጽ ነው። ስለ አንድ የእሸት ቡና መፈልፈያ ጣቢያ የሌሊት ዘበኛና እዚያው አልጋ ላይ የሚደርቅ ቡና ስለምታገላብጥ አሮጊት ነው የጻፈችው። ማስደሰት ስላልፈለግሁ እውነቱን ነገርኳት፤ የመጀመሪያዎቹ አራት ገጾች የትምህርት ቤት ድርሰት ናቸው፣ ቡና የአገር ሀብት መሆኑን ይነግሩናል፤ እሱን ሁላችንም እናውቃለን። አምስተኛው ገጽ ላይ አሮጊቷ ለዘበኛው ቡና ቀላ ስታቀርብለት፣ ቅቤው ከሸተተው በኋላ የሞተች እናቱን ስም ሲጠራ ግን ደብተሩን ትቼ መነሳት አልቻልኩም።

«እነሱን አራቱን ልቅደዳቸው?» አለችኝ።

«አትቅደጃቸው፤ ለብቻ አስቀምጫቸው» አልኳት። ያልታሰበ ነገር ሊወጣቸው ይችላል።

አባትየው ብድሩን አልወሰዱም። ደስ ብሏቸዋል ማለት ግን አልችልም። ሴት ልጅ ብቻዋን ባሕር ማዶ መሄዷን አሁንም አይወዱትም፤ እኔም በግድ አላሳምናቸውም፤ የሚፈሩት ነገር እውን ነውና። ያልኳቸው ይህን ነው፤ አንድ ቀን እውነተኛ ግብዣ ቢመጣ የሚጠይቁትን አሁን ይወቁ። ማን ይቀበላታል? የት ታድራለች? ከማን ጋር? የመመለሻ ትኬቷ ተቆርጧል? ሐላል ምግብ ይገኛል? ታማ ብትተኛ የሚያሳክማት የጤና ኢንሹራንስ ማን ገባላት? ሐቀኛ አዘጋጅ ይህን ሲጠየቅ አይቆጣም፣ በጽሑፍ ይመልሳል። በሳቅ መለሱልኝ፤ «ሲስተር፣ ይሄማ ለጋብቻ የሚጠየቅ ነው።» ነው እንጂ!

እስከዚያው በቤታቸው አንድ ነገር ተለውጧል። እናትየው ከዓሱር እስከ መግሪብ ባለው ጊዜ ልጅቷን ላለመጥራት ተስማምተዋል፤ ጀንፈል የሚቀመጥበትን ጓዳ ግማሽ ለቅቀውላት አሮጌ ጠረጴዛ ገብቶላታል። ቡና ግን ራሷ ታፈላለች፤ እሱን አላስቀረሁላትም።

አሁን ወባዬን ልናገር። ከጅማና ከአካባቢዋ ዝቅ ያሉ ቦታዎች ወጥቶ ብርድ አገር የሚሄድ ልጅ የወባ ጥገኛውን በደሙ ወይም በጉበቱ ይዞ ሊሄድ ይችላል። ቫይቫክስ የሚባለው ዓይነት ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ይነሳል። አዮዋ ወይም ስኮትላንድ ያለ ሐኪም ትኩሳት ያላት ልጅ ስትመጣለት መጀመሪያ የሚያስበው ጉንፋን ነው። ስለዚህ ልጁ በሚሄድበት አገር ቋንቋ «ከወባ አካባቢ ነው የመጣሁት፣ ደሜ ይመርመርልኝ» የሚል ዓረፍተ ነገር በቃሉ ይያዝ፤ ትኩሳቱ በጀመረበት ቀን ይሂድ፣ ማደር የለበትም። ወደ ናይጄሪያ ለሚሄድ ደግሞ መከላከያ ኪኒን ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ ይውሰድ፤ የራሳችንን ወባ ለምደነዋል ማለት የእነሱን እንችለዋለን ማለት አይደለም።

ቢጫ ወባ ሌላ በሽታ ነው፣ ስሙ አያሳስታችሁ። ናይጄሪያን ጨምሮ ብዙ አገሮች ከእኛ የሚሄድን ሰው የክትባቱን ካርድ ይጠይቁታል። ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን አስቀድሞ መወሰድ አለበት፤ ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ አንዴ የተወሰደው ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። እርጉዝ የሆነች፣ ለእንቁላል ከባድ አለርጂ ያለበት ወይም የመከላከል አቅሙ የተዳከመ ሰው ሳይከተብ በፊት ይናገር። ካርዱ ቢጫ ነው፤ ከፓስፖርቱ ጋር በአንድ ላስቲክ ታስሮ ይቀመጥ።